የውጅግራው ቅባትና የአክስቴ ድስት

አጎቴ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ መንደር በቆሎና ጤፍ የሚያርሱ፣ ዕድሜያቸውን የጠየቃቸው ሰው ላይ ቶሎ የሚያኮርፉ ሰው ናቸው። ከአባታቸው የወረሱት አንድ ውጅግራ አላቸው። ውጅግራ አያቶቻችን ይተኩሱበት የነበረ፣ ቁመቱ ከእኔ ብዙ የማያንስ፣ አንድ ጥይት ጎርሶ አንድ የሚተፋ አሮጌ ጠብመንጃ ነው። አጎቴ ግን «እሷ» ነው የሚሉት። ጥይቷ ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ስለሆነ፣ ያጠራቀሙት አሮጌ ቀለሃ ላይ የሚሰካውን እርሳስ ራሳቸው እያቀለጡ ይሠራሉ።

እርሳሱ የሚመጣው ፍኖተ ሰላም ካለ አንድ ጎሚስታ ቤት ነው። ጎማ ሲመጣጠን ቸርኬው ጠርዝ ላይ የሚመታው ትንሽ እርሳስ ሲወልቅ፣ አጎቴ ከመሬት እየለቀሙ ኪሳቸው ይከታሉ። ገበያ ውለው ሲመለሱ ኮታቸው ወደ አንድ ወገን ይንጋደዳል። አንድ ጊዜ ሱቄ ጎራ ብለው ኮታቸውን ምስማር ላይ ሲሰቅሉት ምስማሩ ከነግድግዳው ልስን ወርዷል፤ እስከ ዛሬ አልተለሰነም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን የምናገረው ለዝና ብዬ ሳይሆን፣ ወደ ነገሩ የገባሁት በዚሁ ሙያዬ ስለሆነ ነው። ጊዜውም ጥቂት ዓመት ወደ ኋላ ነው። አሁን በእኛ አገር የተኩስ ድምፅ ናፈቀኝ የሚል ሰው ካለ ጤናውን እጠራጠራለሁ። ያኔ ግን በሠርግ ቀን ከገደሉ ሥር ቅል ተሰቅሎ፣ መጀመሪያ እንግዳው፣ ቀጥሎ የቤቱ ጌታ ኢላማ ሲተኩሱ ማየት ከድግሱ እኩል ይጠበቅ ነበር።

አጎቴ የሚያቃጥላቸው ነገር ከዚሁ ኢላማ የመጣ ነው። ትልቋ ልጃቸው ስትዳር፣ ዋዜማውን ከወንዙ ዳር ሲለማመዱ ዋሉ። ደረቅ እርሳስ በአፈሙዝ ውስጥ ሲያልፍ እየተላላጠ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ቅባት ካልተቀባ መተላለፊያውን ይዘጋዋል። አጎቴ ያን ቀን ይህን አላሰቡትም። በማግስቱ ሙሽራው፣ ሚዜው፣ ቄሱ፣ አገሩ ሁሉ ቆሞ እያየ ቃታውን ሳቡ። ጠብመንጃዋ «ቱፍ» አለች። ጥይቱ መንገድ ላይ ቀረ፤ ቅሉም እንደተሰቀለ ቀረ።

የሙሽራው አባት ቡሬ ነው የሚኖሩት። ጢማቸውን እየጠቀለሉ ጠጋ ብለው፣ «አማች፣ ምነው ጠብመንጃዎ አርምሞ ገባች እንዴ?» አሉ።

ሰው በሳቅ ወደቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውጅግራዋ «ባሕታዊቷ» ተባለች። አጎቴ ገበያ ሲወጡ «ባሕታዊቷ እንዴት ሰነበቱ? ዛሬም አልተናገሩም?» የሚል አይጠፋም። አጎቴ ለሁሉም «ይመስገን» ብለው ያልፋሉ፤ ቤት ሲገቡ ግን እራት አይበሉም።

በምነግራችሁ ዓመት ታናሽቱ ልጃቸው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ልትዳር ነበር። የቡሬው አማች ደግሞ የክብር እንግዳ ሆነው ይመጣሉ። ስለዚህ አጎቴ በዚያ ዓመት ከዝናብም ከማዳበሪያም በላይ የሚጨነቁት ለአንድ ነገር ነበር፦ ያቺ ጠብመንጃ በዚያ ሰውዬ ፊት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኻ ኢላማዋን እንድትጥል።

እኔ በሁዳዴ የሙሽራዋንና የሚዜዎቿን ልብስ ልሰፋ መኪናዬን አስጭኜ እነሱ ቤት ገባሁ። ገና ጉልበት ስሜ ሳልቀመጥ አጎቴ ጆሮዬ ሥር መጡ።

«አንች ልጅ፣ የመኪናሽ ዘይት ምን ይመስላል?»

«ለምን ፈለጉት አያ?»

«ጉሮሮዋ ለደረቀ አንዲት ምስኪን።»

ሰጠኋቸው። እርሳሱን ነክረው ወደ ፀሐይ ከፍ ሲያደርጉት ዘይቱ ተንጠባጥቦ አለቀ። «ይኸ ዘይት አይደለም፣ እንባ ነው» ብለው መለሱልኝ። ቫዝሊን ሰጠኋቸው። አሽትተው ተቆጡ። «ጥይት ነው የምንቀባው ወይስ ሙሽራ?» አሉኝ። እኔ መቼም ትዕግሥት የሚባል ነገር ሲታደል ገበያ ሄጄ ነበር፤ «እንግዲያው የአባትዎን ቅባት አይቀቡም?» አልኳቸው።

አጎቴ ተከዙ። አባታቸው የሚቀቡት ሰም በሞራ ነበር። ሰሙ እርሳሱ ላይ ይይዛል፣ ሞራው ያንሸራትታል። ሰሙ ሞልቷል፤ ከጓሮ ቀፎ አለ። ሞራም አለ፤ የሞፈሩ ማሰሪያ ጠፍር፣ ምራኑ፣ እንዳይደርቅ የሚያሹበት፣ በቀንድ ተጠቅጥቆ ከበሬዎቹ ጋጣ የተሰቀለ። ችግሩ ሁዳዴ መሆኑ ነው። በሁዳዴ ሞራ መንካት ለአጎቴ የማይሆን ነገር ነው፤ ለአክስቴ ደግሞ መነገርም የለበትም።

ስለ አክስቴ ልንገራችሁ። የአጎቴ ሚስት ደግ ሰው ናቸው፤ በድስት ጉዳይ ግን ዳኛም ፖሊስም እሳቸው ናቸው። የቅበላ ለት ቅቤና ሥጋ የነካ ዕቃ ሁሉ በአመድና በአሸዋ ተፈትጎ ቆጥ ላይ ይወጣል፤ እስከ ፋሲካ የሚያወርደው የለም። ለሁዳዴ የተለየ ድስት አለ፣ የተለየ ማማሰያ አለ፣ የተለየ ጭልፋ አለ። በዚያ ዓመት ደግሞ የማርያም ማኅበር ተራቸው በሁዳዴ ውስጥ ስለደረሰ፣ ከቡሬ ገበያ አዲስ የሸክላ ድስት አስመጥተዋል። ድስቱን አሟሽተው፣ አጥበው፣ ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ ላይ ደፍተውታል። ይህን ድስት ያዙልኝ።

አጎቴ በጾም የሚፈቀድ ቅባት ፍለጋ ገቡ። መጀመሪያ ሰም በኑግ ዘይት ሞከሩ። እርሳሶቹን በረንዳ ላይ ደርድረው ሲመለሱ የአገሩ ጉንዳን ተሰብስቦ ማኅበር ይዟል። አንዱን አራግፈው ሳይጨርሱ ሌላው ይወጣል። ቀጥለው ሰም በተልባ አደረጉ። እሱ ደግሞ አደረና ሙጫ ሆነ፤ እርሳሶቹ እርስ በርሳቸው፣ ከሳህኑ ጋር፣ በመጨረሻም ከአጎቴ ጢም ጋር ተጣበቁ። የጢማቸውን ጫፍ በጨርቅ መቀሴ የቆረጥኩላቸው እኔ ነኝ። ያን ለታ ጥሩ መቀስ ደነዘብኝ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ሲጨንቃቸው ወደ ነፍስ አባታቸው ሄዱ። ነገሩን በቀጥታ መናገር ደግሞ አጎቴ አያውቁበትም፤ በእኛ አገር ጉዳዩን ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ወይ ሰካራም ነው ወይ ፍርድ ቤት ቆሟል። እኔ የቄሱን ቀሚስ እጅጌ ልለካ አብሬ ስለሄድኩ ሁሉንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«አባ፣ አንዲት አሮጊት አለች» አሉ አጎቴ። «ጉሮሮዋ ደርቆ ድምፅ ከለከላት። በሁዳዴ ጉሮሮዋን ሞራ ቢቀቧት ያስኮንናል?»

ቄሱ ከልባቸው አዘኑ። «ትውጠዋለች?»

«ኧረ መልሳ ትተፋዋለች።»

«ቆራቢ ናት?»

«በሕይወቷ ቆርባ አታውቅም።»

«ምስኪን! ሕመምተኛማ ከሆነች ቅቡልኝ። እኔም በጸሎት አስባታለሁ።»

አጎቴ መስቀል ተሳልመው ወጡ። መንገድ ላይ ቀና ብዬ ሳያቸው፣ «ምን አልኩ? የዋሸሁት አለ?» አሉኝ። እውነትም አንድ ቃል አልዋሹም።

በማግስቱ አክስቴና ሙሽራዋ ገብስ ሊያስፈጩ ወፍጮ ቤት ሄዱ። እኔ ጓዳ ገብቼ መኪናዬን እየረገጥኩ ነበር፤ ከቤቱ ጀርባ ጭስ ሸተተኝ እንጂ አላየሁም። አጎቴ ከጋጣው ቀንዱን አወረዱ። ማቅለጫ ፈለጉ። ቆጥ ላይ የወጣውን ድስት ማውረድ ፈሩ። ወዲያ ወዲህ ሲሉ ከቤቱ ጀርባ የተደፋ ትንሽ የሸክላ ድስት አዩ። በእሳቸው አእምሮ የተደፋ ድስት የተጣለ ድስት ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድስት ሲታጠብ ቆመው አይተው አያውቁም። ሰሙንና ሞራውን በዚያ አቀለጡ፤ እርሳሶቹን በአንድ የቆርቆሮ ክዳን ላይ አቁመው ቅባቱን ዙሪያቸውን አፈሰሱባቸው። ሲበርድ በቢላ እየቆረጡ አወጧቸው። ማታ ከነክዳኑ በኩራት አሳዩኝ፤ ያማረ ሥራ ነበር፣ አልክድም፤ እያንዳንዱ እርሳስ ወገቡ ላይ መቀነት የታጠቀ ይመስል ነበር። ድስቱን በጭድ ወልወል አድርገው፣ እንደነበረው ደፍተው መለሱት።

ሸክላ ደግሞ የጠጣውን አይተፋም።

የማኅበሩ ቀን አክስቴ በአዲሱ ድስት ሽሮ ሠሩ። ቅዳሴ ወጥቶ ማኅበርተኛው ተሰበሰበ፤ ጸበል ጸዲቅ ተባለ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ሽሮው ቀረበ። ቄሱ አንድ ጎረሱና ቆም አሉ። ሌላ ጎረሱ።

«እመቤት» አሉ አክስቴን፣ «ይኸ ሽሮ እጅ ያስቆረጥማል። ምን አደረጉበት?»

«ምንም አባ። ነጭ ሽንኩርትና ድንብላል ነው።»

«ጾም እንዲህ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ይሁንልን።»

ሁሉም አሞገሰ። ደጋግመው አስጨመሩ። አንድ ሽማግሌ ሳህኑን በእንጀራ ጠርገው፣ እንጀራውን በጣታቸው ጠርገው፣ ጣታቸውን ጠረጉ። አጎቴ ግን ድስቱ ከጓዳ ሲወጣ አይተውት ነበር። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አንቱ አይበሉም እንዴ?» አሉ አክስቴ።

«እኔ... ጥሬ ብቻ ልቆረጥም ተስያለሁ።»

«መቼ ተሳሉ?»

«አሁን።»

ማኅበርተኛው በአድናቆት አጉረመረመ። አንዲት ሴት «እኛ በሽሮ ስንስገበገብ እሳቸው በቆሎ ይቆረጥማሉ፤ ጽድቅ እንዲህ ነው» ብለው ተነስተው ጉልበታቸውን ሳሙ። አጎቴ በቆሏቸውን ይዘው ጣራ ጣራ ያያሉ።

ከዚያ ሽሮው በረደ። ሰም ሲበርድ ምን እንደሚሆን የቤተ ክርስቲያን ጧፍ ያየ ሁሉ ያውቃል። መጀመሪያ የሽማግሌው ጢም ቀስ እያለ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀጥሎ ዲያቆኑ ከንፈሩን ለማላቀቅ በእጁ ያግዘው ጀመር። ቄሱ የምርቃቱን ጸሎት ሲጀምሩ ከንፈራቸው እንደ ተቀባ በር ያብለጨልጫል፤ «አሜን» ስንል የሁላችንም አፍ አንድ ላይ «ጧ» አለ። እኔ የመጨረሻ ጉርሻዬን ውጬ ምላሴን ላንቃዬ ላይ ሳሽከረክረው የሆነ ነገር ተንሸራተተ። የአጎቴ ቆርቆሮ ክዳን ትዝ አለኝ። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ወዲያው ወደ ጣራው ተመለሱ።

ሳቄ መጣ፤ አክስቴን ሳይ ግን ቀረ። ያን ያህል ምስጋና በአንድ ቀን ሰምተው የማያውቁ ሴት፣ እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ በደስታ ቀልተዋል። ከልጅነታቸው ጀምረው አንድ ሁዳዴ ገድፈው አያውቁም። በአጎቴ የተናደድኩት ያኔ ነው።

አጎቴ ግን ክፉ ሰው አይደሉም። እንቅልፍ አጡ፤ በሦስተኛው ቀን ለነፍስ አባታቸው ሊናዘዙ ሄዱ። ምን እንደተባባሉ የሰማሁት ከራሳቸው ነው። ቄሱ መጀመሪያ የተቆጡት ስለ ድስቱ አልነበረም።

«አንተ ሰው! አሮጊቷ ጠብመንጃ ናት?»

«አዎ አባ።»

«ለጠብመንጃ ነው ሳምንት ሙሉ በኪዳን ‹ድምፅዋን መልስላት› እያልኩ የጸለይኩት?»

«አምላክ ይስጥልኝ አባ፤ ይጠቅማታል።»

ቄሱ ሦስት ጊዜ ያስጨመሩት ሽሮ ትዝ ሲላቸው ከንፈራቸውን ጠረጉ። በኋላ ፍርዳቸውን ሰጡ። ሳያውቅ የበላ አልገደፈም። አጎቴ ግን ይሰግዳሉ፤ የቀረውን ሰም ለጧፍ ለቤተ ክርስቲያን ያገባሉ፤ ለሚስታቸው ደግሞ ራሳቸው ይነግራሉ፤ ሚስቲቱም ካሳ ብለው የሚጠይቁትን አንድ ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ ያለማጉረምረም ይሰጣሉ።

«ስግደቱን እጥፍ አድርገው የመጨረሻውን ቢተዉልኝስ?» አሉ አጎቴ። ቄሱ እንቢ አሉ።

አክስቴ ምስር እየለቀሙ ነበር። አጎቴ በዙሪያ ጀመሩ፤ «ድስት የሰበረና ድስት ያስቀባ፣ ማንኛው ይብሳል ትያለሽ?» አሉ። አክስቴ ቀና አላሉም። አጎቴ ስለ ንጉሥ ዳዊት ትንሽ ተናገሩ፤ ስለ ሰው ልጅ ድካምም ተናገሩ። መጨረሻ ላይ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አፈረጡት።

አክስቴ ተነስተው ድስቱን አመጡ፣ አፍንጫቸውን ከተው አሸተቱ። እንባቸው መጣ። ከዚያ ድስቱን ለብቻው ከበሩ ኋላ አስቀመጡና ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

«አንድ ነገር እጠይቅዎታለሁ» አሉ።

«ምን?»

«ቀኑ ሲደርስ እነግርዎታለሁ።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለአጎቴ እውነተኛው ሁዳዴ ነበሩ። አዲስ ድስት ገዝተው መጡ፤ «እሱ አይደለም» ተባሉ። ነጠላ ገዙ፤ «ይሄም አይደለም።» ጊደሯን ሊሰጡ አሰቡ፤ አክስቴ ፈገግ እንኳ አላሉም። ፋሲካ መጣ፣ ተፈሰከ፤ አክስቴ ዶሮውን ሲያወጡ ለአጎቴ ክንፉን ብቻ ሰጧቸው። ዝም ብለው በሉ።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። የሙሽራዋን ቀሚስ ሰፍቼ ስጨርስ እኔም ለራሴ ነጭ በነጭ ለብሼ ወጣሁ። የቡሬው አማች ጢማቸውን ጠቅልለው መጡ። ቅሉ ከገደሉ ሥር ካለ ዋንዛ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቀለ፤ እንግዳ ይቀድማልና ተኩሰው በአንድ ጥይት በተኑት። እልልታው ጋብ ሲል ወደ አጎቴ ዘወር ብለው፣ «ባሕታዊቷስ?» አሉ። «ዛሬ ከአርምሞ ይወጣሉ?»

ሰው ሁሉ ሳቁን ጥርሱ ውስጥ ይዞ ይጠብቃል። አጎቴ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ወደፊት ራመድ አሉ። መቀነት የታጠቀውን ጥይት አጎረሱ። ይህን ቀን ስንት ዓመት እንደጠበቁት አውቃለሁ።

«ቅሉ አልቋል፣ ኢላማ አምጡ» አለ አንዱ።

አክስቴ ከጓዳ ወጡ። ያንን ድስት በጠፍር አስረው ይዘዋል። ማንንም ሳያዩ ቁልቁል ወርደው ቅርንጫፉ ላይ ሰቀሉት። ተመልሰው መጡና አጎቴ ፊት ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

«ቀኑ ደርሷል» አሉ። «እሷን ያምጡልኝ። እኔ ነኝ የምተኩሰው።»

አጎቴ አፋቸውን ከፈቱ። ቄሱ ከዳሱ ሥር ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አጎቴ አፋቸውን ዘጉ። ጠብመንጃዋን ሲያስረክቡ ሕፃን ልጅ የሚሰጡ ነበር የሚመስሉት፤ ዓይናቸው ውሃ ሞላ። እንደዚያ ቀን አሳዝነውኝ አያውቁም።

«ሰደፉን ከትከሻሽ አጥብቂው» አሉ ቀስ ብለው። «ትንፋሽሽን ያዢ።»

አክስቴ ትንፋሻቸውን ያዙ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቄሱ አማተቡ። ቃታው ተሳበ።

እንዲህ ያለ ድምፅ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። በሬዎቹ በረት ጥሰው ወጡ፤ ዳሱ ላይ የነበረ ቄጠማ ረገፈ። አክስቴ ወደኋላ ሄደው እኔ ላይ ወደቁ፤ እኔ ደግሞ ጠላ ቀጂዋ ላይ፤ የነጩ ልብሴ ነገር በዚያው አለቀ። ጭሱ ጧፍ ጧፍ እየሸተተ ሲገለጥ ሁላችንም ወደ ዋንዛው አየን። ድስቱ ደህና ነው። የተመታው ቅርንጫፉ ነው። ሰው ሊስቅ አፉን ሲከፍት ቅርንጫፉ «ቋ» ብሎ ተገነጠለ፣ ድስቱ ድንጋይ ላይ ወረደና ብትንትኑ ወጣ።

ክርክር ተነሳ። አንዱ አልመታችም ይላል፤ ሌላው ጥላዋለች ይላል። ቄሱ «ኢላማ ማለት ቆሞ የነበረ ነገር ሲወድቅ ነው» ብለው ፈረዱ። እልልታው ቀለጠ።

የቡሬው አማች ጢማቸውን መጠቅለል ረስተዋል። ቀጥ ብለው ወደ አጎቴ መጡና ለመጀመሪያ ጊዜ ባርኔጣቸውን አነሱ።

«አማች፣ ይኸ ሁሉ ድምፅ ካሮጌ ብረት? እውነቱን ይንገሩኝ፤ ምን ቀቧት?»

አጎቴ ይህን ጥያቄ በሕልማቸው ስንት ጊዜ እንደመለሱት እግዜር ይወቀው። ደረታቸው ሞላ፣ ትንፋሻቸውን ሳቡ። ከዚያ ዘወር ብለው መሬት ላይ ተቀምጠው ትከሻቸውን የሚያሹትን አክስቴን አዩ።

«ቅባቱማ ምንም አይደለም አማች» አሉ። «ሙያው የድስቱ ነው። ድስቷ ደግሞ የሷ ነበረች።»

አክስቴ ከዚያ ከማኅበሩ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ከዚያም እጃቸውን ዘረጉላቸውና አጎቴ ጎትተው አነሷቸው።